መብራት ያልነው ኮረንቲ

እኛ ኤሌክትሪክን «መብራት» ብለን ነው የምንጠራው። ምጣዱ ሲቀዘቅዝም፣ ቴሌቪዥኑ ሲጠፋም «መብራት ሄደ» እንላለን። አደጋው ሲመጣ ግን ከጣሊያንኛ የወሰድነውን «ኮረንቲ» እናነሳለን፤ ሰው የሚይዘው ኮረንቲ እንጂ መብራት አይደለም። የድሮ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነኝና ቃል ሳልነካ አላልፍም።

የአዲስ አበባ የጭቃ ቤቶች ሽቦ የተዘረጋላቸው ለስሙ ነበር፤ ለአንድ ሁለት አምፖል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ወረሰ፤ ኪራያቸው በወር ከ100 ብር የማይበልጠው ለቀበሌ ተሰጡ። ከዚያ በኋላ ሽቦው የማን ሆነ? ቀበሌ በዚያች ኪራይ ምኑን ያድስ! ተከራዩስ በመንግሥት ቤት ላይ ለምን ገንዘቡን ያፍስስ? ቤተሰቡ ግን በዛ፣ ጓዳ ተቀጠለ፣ ከአንዱ ቆጣሪ ለጎረቤት ተሳበ። በመጨረሻ የእንጀራ ምጣድ ገባ። ምጣዱ ብቻውን ሦስት ኪሎዋት ተኩል ያህል ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ መሆኑ ነው። ለአምፖል የተዘረጋች ቀጭን ሽቦ ይህን ስትሸከም ትግላለች። ፊውዙ እየተቃጠለ ሲያስቸግር ደግሞ በወፍራም የመዳብ ሽቦ ተተካ፤ ጠባቂው ተባረረ ማለት ነው።

ከነዚያ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰዋል። በቀሩት ውስጥ መርማሪ ገብቶ አምፖሉን አብርቶ አጥፍቶ ቢወጣ ምን አየ ይባላል? በኔ እምነት በቀጥታ ጓዳ ይግባ። የምጣዱ ሶኬት ጠቁሯል ወይ? ፊውዙ ውስጥ የተቋጠረው ምንድነው? የምጣዱ ብረት የመሬት ሽቦ አለው ወይ? በእርጥብ እጇ ሊጥ የምታዞረው ሴት የምትደገፈው ያንን ብረት ነው።