ፊልም ሠርቶ ተመልካች ፍለጋ

«አጭሩን ተወውና ትልቁን መቼ ነው የምትሠራው?» ይሉኛል። ሰርግ እየቀረጸ በሚያገኘው ገንዘብ፣ በዚያው ካሜራ አጫጭር ፊልም ለሚሠራ ሰው የተለመደ ጥያቄ ነው። አጭር ፊልም መለማመጃ ነው፤ ሲጎረምሱ ይተዉታል ተብሎ ይታሰባል። የፊልም ሠሪው የጋሽ ኃይሌ ገሪማ የሥራ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያሳየኛል። ተማሪ ሳሉ በአጭሩ የለመዱትን አሠራር በረጅሙም ይዘውት ዘለቁ፤ የገንዘብና የተመልካች ችግሩም አብሯቸው ዘለቀ።

ጋሽ ኃይሌ የተወለዱት ጎንደር በ1946 ነው (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ እቆጥራለሁ)። አባታቸው «ጎንደሬ በጋሻው»ን የጻፉት ገሪማ ታፈረ ናቸው። ልጃቸውም በ1967 ወደ ቺካጎ የሄዱት ትወና ሊማሩ ነበር። ኋላ ሎስ አንጀለስ ገብተው በዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ሲያጠኑ ቻርልስ በርኔትን ከመሰሉ ጥቁር ተማሪዎች ጋር ተወዳጁ። እርስ በርስ ይተጋገዙ ነበር፤ የጋሽ ኃይሌን «ቡሽ ማማ» የተባለ ፊልም ሲቀርጹ በርኔት ካሜራ ከያዙት አንዱ ነው። ዛሬ እኛም አዲስ አበባ ውስጥ የምንሠራው እንዲሁ ነው። ያንዱ ድምፅ ቀራጭ በሌላው ፊልም ላይ ተዋናይ ሆኖ ይገኛል።

በ1972 የሠሩት «ቻይልድ ኦፍ ሬዚስታንስ» 36 ደቂቃ ነው። ጥቁር አሜሪካዊቷን የመብት ታጋይ አንጄላ ዴቪስን እጇ በካቴና ታስሮ በቴሌቪዥን ካዩ በኋላ ሕልም አዩ፤ ፊልሙ ከዚያ ሕልም ተወለደ። ይህ ለኔ በደንብ ይገባኛል። እኔም አስቀድሞ የሚመጣልኝ ምስል ነው፤ ታሪኩ እየጎተተ ይከተላል። ገንዘብ የሚሰጠው ሰው ግን ሕልም አይገዛም፤ በአንድ ገጽ ተጽፎ፣ መጨረሻው ታውቆ እንዲቀርብለት ይፈልጋል።

«ቡሽ ማማ» ሲቀረጽ የሎስ አንጀለስ ፖሊሶች ቀራጮቹን አስቁመው ፈተሹ። ሌላ ሰው ቢሆን ቀኑ ተበላሸ ብሎ ይሄዳል። እሳቸው ፍተሻውን ራሱን የፊልሙ መክፈቻ አደረጉት። ገንዘብ የሌለው ሠሪ የደረሰበትን ሁሉ ጥሬ ዕቃ ማድረግ ካልቻለ አይዘልቅም።

«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ደግሞ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን በወረዱበት ሰሞን፣ በትምህርት ዕረፍታቸው አገር ቤት መጥተው በሁለት ሳምንት ገደማ ቀረጹት። ጥቁርና ነጭ፣ ባለ 16 ሚሊ ሜትር፣ በሙያው ባልሠለጠኑ ሰዎች የተተወነ ነው። ያኔ የሚቀረጸው ሴሉሎይድ ላይ ነው፤ እንደ ዛሬው ከካርዱ ላይ አጥፍቶ ደግሞ መሞከር የለም። ስለዚህ ካሜራው ከመነሳቱ በፊት ሐሳቡ መብሰል ነበረበት። እኛ ካርዱ ስለተረፈን ብዙ እንቀርጻለን፤ ማሰቡን ለኤዲቲንግ እናቆየዋለን።

በሙያችን «ጥሩ ሥራ ራሱ ይናገራል» የሚባል እምነት አለ። የ«ሳንኮፋ» ታሪክ ግን ይህን ያፈርሰዋል። ፊልሙ በ1993 በርሊን ፌስቲቫል ላይ ለውድድር ቀርቧል። እንዲያም ሆኖ አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍለው ድርጅት ጠፋ። ጋሽ ኃይሌና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና ሲኒማ ቤት እየተከራዩ፣ የየከተማውን ጥቁር ማኅበረሰብ እያስተባበሩ ራሳቸው አሳዩት። ዋሽንግተን ጆርጂያ ጎዳና ላይ፣ ከሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ በፊልሙ ስም መጽሐፍና ቡና የሚሸጥበት ቤትም ከፈቱ።

ዝናም ቢሆን መንገዱን አላሳጠረውም። በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት፣ በዓመቱ ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮ ፊልም ፌስቲቫልን ታላቅ ሽልማት ያገኘው «ጤዛ» ከአሥር ዓመት በላይ ወስዶባቸዋል። «ሳንኮፋ» ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ የወጣው በ2021 ነው፤ ከተሠራ 28 ዓመት ቆይቶ።

በእኛ ሲኒማ ቤቶች አጭር ፊልም ለብቻው ትኬት አይቆረጥለትም። ፌስቲቫል ካልተገኘ የሚቀረው ዩቲዩብ ነው። ስለዚህ አሁን በጀት ስጽፍ ከካሜራ ሌንስ አስቀድሜ የአዳራሽና የፕሮጀክተር ኪራይ አስገባለሁ። የተረፈው ገንዘብ የቀረጻውን ቀን ብዛት ይወስናል፣ የቀኑ ብዛት ደግሞ ስክሪፕቱን። ከሦስት ተዋናይ በላይ የማልጽፈው ለዚህ ነው።