ማዕዘኑ በማን እጅ ነው?

በ1868 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ከአሸንጌ ሐይቅ ወደ ደቡብ በላት በኩል አለፈ። መንገዱን ያልዘጉበት የዋግ ገዥ ዋግሹም ጎበዜ ነበሩ። አባታቸውን ዋግሹም ገብረ መድኅንን ዐፄ ቴዎድሮስ ገድለውባቸዋልና ለቴዎድሮስ ጠላት መንገድ ሊከለክሉ ምክንያት አልነበራቸውም። በዚያው ዓመት ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ።

ስለዚህ ዘመቻ ሲወራ ዝሆኖቹና መድፎቹ ይነሳሉ። ከህንድ የመጡትን ቀያሾች የሚያነሳቸው ግን ጥቂት ነው። ሠራዊቱ በሚያልፍበት መንገድ ኮረብታ እየወጡ፣ ማዕዘን መለኪያ መሣሪያቸውን ቴዎዶላይትን እየተከሉ የሩቅ ተራሮችን ማዕዘን ይመዘግቡ ነበር። የዘመቻው የመልክዓ ምድር ሊቅ ክሌመንትስ ማርክሃም አገሩ ገብቶ የዘመቻውን ታሪክ በመጽሐፍ አወጣው። ጀርመናዊው ጌርሃርድ ሮልፍስም ከመቅደላ ሲመለስ ላሊበላንና የዋግን ከተማ ሰቆጣን አቋርጦ ወደ ሰሜን ወጣ፤ እሱም ጽፎ አሳተመ።

ዘዴው ከእነሱ በፊትም በአገራችን ተሠርቶበታል። ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ በ1838 ምፅዋ ወርዶ አሥር ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ሲዞር፣ ከአንዱ ተራራ ጫፍ ላይ ሆኖ የሚታዩትን ጫፎች ሁሉ በማዕዘን ይለካ ነበር። ከ1860 እስከ 1873 በፓሪስ የታተመው የኢትዮጵያ ቅየሳ ሥራው ከአሥር ካርታዎች ጋር የወጣው ከዚህ ነው። ተከዜና ጸላሪ እንዲህ በቆራረጡት ምድር ሰንሰለት ጎትቶ ርቀት መለካት የማይታሰብ ነው። ማዕዘን ግን ገደል አያግደውም፤ ዐይን ከደረሰ በቂ ነው። ቦታቸው ከታወቀ ሁለት ጫፎች የተሰመሩ ሁለት መስመሮች የሚገናኙበት ላይ የምንፈልገው ቦታ አለ። ችግሩ ርቀት ስህተትን ማባዛቱ ነው። የአንድ ዲግሪ ስልሳኛ፣ ማለትም አንድ ደቂቃ ብትሳሳት፣ 20 ኪሎ ሜትር ላይ ስድስት ሜትር ያህል ትስታለህ። እንዲህም ሆኖ ለተራራ ስድስት ሜትር ምንም አይደለም።

በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዐይንን ራዲዮ ተካው። ቤሊኒና ቶሲ የተባሉ ጣሊያናውያን በ1907 ገደማ ሞገድ የመጣበትን አቅጣጫ የሚያሳይ የአንቴና ሥርዓት አበጁ። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ይህ ዘዴ የተናገረ ሁሉ ያለበት የሚታወቅበት ወጥመድ ሆነ፤ በራዲዮ መልእክት የላከ መርከብ ቦታውን ለጠላት ነገረ ማለት ነው። በሰላም ጊዜ ደግሞ አውሮፕላን መሪዎችን አገለገለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 በሲ-47 አውሮፕላኖች ሥራ ሲጀምር፣ የዘመኑ አብራሪ መንገድ የሚጠይቀው ወደ ምድር ጣቢያ በምትዞር የራዲዮ መርፌ ነበር። ከአዲስ አበባ እስከ አሥመራ በካርታ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ብታሰምር ሰቆጣ አጠገብ ያልፋል። እንዲህ ባለ ተራራማ አገር መርፌዋ ትዋዥቃለች፤ ሞገዱ ገደል መትቶ ይመለስና ከሌላ አቅጣጫ የመጣ ይመስላል። በዋግ ገደሎች ውስጥ የጠፋች ፍየል ሲጣራ ውሎ የገደል ማሚቶ ያታለለው እረኛ የሚያውቀው ችግር ነው።

ከዚያ ማዕዘን ተገፋ። በ1950ዎቹ ደቡብ አፍሪካዊው ትሬቨር ዋድሊ ቴሉሮሜትርን ፈለሰፈ፤ ሞገድ ልኮ ምላሹን በመጠበቅ ብቻ የሩቅ ርቀት መለካት ተቻለ። ከ1963 ጀምሮ አሜሪካኖች አገራችንን ካርታ ለማንሳት ሲመጡ ሥራው ከዳባዲ ዘመን ፈጽሞ የተለየ ነበር። ጂፒኤስ ደግሞ ነገሩን ጨረሰው። ሃያ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ከሚዞሩ ሳተላይቶች የሚመጣ ሞገድ የፈጀውን ጊዜ ይቆጥራል እንጂ ማዕዘን አያይም።

ጂፒኤስ ጣሪያ ስር ሲገባ ግን አቅም ያንሰዋል። ይህን ለማየት ሰቆጣ አቅራቢያ ወዳለው ከቋጥኝ ወደተፈለፈለው የውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ስልክ ይዞ መግባት ነው፤ ከሳተላይቱ የሚደርሰው ደካማ ሞገድ ድንጋዩን አልፎ አይገባም። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲው የሃይንዝ ሩተር የዛማኒ ቡድን የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት የለካው በሌዘር ነው፤ ሌዘሩም አቅጣጫና ርቀት አብሮ ይመዘግባል።

ለተንቀሳቃሽ ነገር ግን ሌዘር አይመችም። በ2000 የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች ራዳር ባሉት ሥራ የዋይፋይን ጥንካሬ እየለኩ ሰው የት ክፍል እንዳለ ሊገምቱ ሞከሩ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አንድ ሰው መሐል ላይ ሲቆም ጥንካሬው ይወርዳል። በጥር 2019 የወጣው የብሉቱዝ 5.1 ደንብ ወደ ማዕዘን ተመለሰ። እኛ ብሉቱዝን የምናውቀው ዳታ ሳይበላ መዝሙርና ዘፈን ከስልክ ወደ ስልክ በማሻገር ነው። የብሉቱዝ ሞገድ 12 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት አለው። ሞገዱ ከጎን ከመጣ፣ ስድስት ሳንቲ ሜትር ተራርቀው ከተደረደሩ አንቴናዎች አንዱ ጋ ቀድሞ ይደርሳል። የጊዜው ልዩነት በርካሽ ሰዓት የሚያዝ አይደለም፤ ሞገዱ በየአንቴናው ላይ የሚገኝበት የውጣ ውረድ ደረጃ ግን ይነበባል፤ ማዕዘኑም ከዚያ ይሰላል። አምስት ዲግሪ ቢሳሳት እንኳ አሥር ሜትር ላይ የሚያሳስተው ከአንድ ሜትር በታች ነው። ዳባዲን ያስለቅስ የነበረ ስህተት እዚህ ቅርበት ይሸፍነዋል። የቀረው ጠላት የገደል ማሚቶው ነው፤ የቆርቆሮ ጣሪያና የብረት መደርደሪያ ሞገዱን እየመለሱ ያሳስቱታል።

እንዲህ ያለ ነገር ለሰቆጣ ምን ይረባል? በ2021 የሰሜኑ ጦርነት ሲደርስ በዋግ ኽምራ መብራትም ስልክም ጠፍቶ ነበር። የብሉቱዝ ማዕዘን ሥርዓቱ ግን ከውጭ ኔትወርክ አይፈልግም፤ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ተጀምሮ እዚያው ያልቃል። ባትሪና የፀሐይ ኃይል ካለ እንደ ሰቆጣው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ባለ ሆስፒታል የኦክስጅን መሣሪያ የት ክፍል እንደቀረ መፈለግ ይቻላል። ወጪው ግን ቀላል አይደለም፤ አንቴናዎቹ በየጣሪያው መተከል፣ የእያንዳንዱ ቦታና ዝንባሌም በጥንቃቄ መለካት አለበት።

ከወጪው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ደንቡ ሁለት መንገድ ይሰጣል። በአንደኛው በዕቃ ወይም በሰው ላይ የሚለጠፈው ባጅ ይናገራል፣ ጣሪያው ይሰማል፤ ማን የት እንዳለ የሚያውቀው ሕንፃው ነው። በሁለተኛው ጣሪያው ይናገራል፣ ስልኩ ያሰላል፤ የት እንዳለ የሚያውቀው ባለስልኩ ብቻ ነው። የሚሸጠው በብዛት የመጀመሪያው ሲሆን ሁለተኛው በስልኮች ላይ ገና አልተለመደም። የተራሮቻችን ማዕዘን ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ በፊት ሲለካ መዝገቡ የታተመው ለንደንና ፓሪስ ነው። ለመሣሪያና ለመድኃኒት ሳጥን የመጀመሪያው መንገድ አይጎዳም። ባጁ ነርስ ደረት ላይ ሲለጠፍ ግን፣ ስሌቱ ጣሪያ ላይ ይሁን ኪስ ውስጥ፣ መዝገቡን ማን እንደሚያየውና ስንት ቀን እንደሚቆይ በጨረታ ሰነዱ ላይ ተጽፎ ማየት እፈልጋለሁ።