የማንዶሊን ገበያና የሠሪው ስም

በደባይ ጥላት ግን ወረዳ ዋና ከተማ በቁይም ሆነ በመላው የጎጃም ደጋ፣ የሠርግ ወራት ደርሶ መሰንቆ በተሰማ ቁጥር የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ «አዝማሪው ማን ነው?» የሚል። እንጨቱን ጠርቦ፣ ቆዳውን ወጥሮ፣ የፈረሱን ጭራ አሰናድቶ መሰንቆውን ያበጀው ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ አዝማሪው ራሱ ሠሪ መሆኑ እውነት ቢሆንም፣ ከሌላ እጅ በወጣው መሣሪያ ላይ እንኳ የሠሪውን ስም ተጽፎ ማግኘት ብርቅ ነው። ስም ለሠሪው ምን ይረባዋል? ለዚህ ጥያቄ የአውሮፓው የማንዶሊን ታሪክ ጥሩ ማነጻጸሪያ ይሆናል። ማንዶሊን ለእኛም ባዕድ አይደለም፤ በአገራችን በሙዚቀኛው በአየለ ማሞ እጅ የታወቀ መሣሪያ ነው።

ጥንድ ጥንድ ሆነው የተወጠሩ ስምንት ክሮች ያሉት፣ እንደ ቫዮሊን የሚቃኘው የኔፕልስ ማንዶሊን መልኩን የያዘው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ18ኛው መቶ ዓመት ነው። በዚያች ከተማ የቪናቻ ቤተሰብ ሙያውን ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፍ ቆይቶ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ፓስኳሌ ቪናቻ የብረት ክርና ቅኝቱን አጥብቆ የሚይዝ የብረት መቃኛ በማስገባት ድምፁን አጎላው። የካላቼ ቤተሰብ በኔፕልስ፣ ሉዊጂ ኤምበርገር ደግሞ በሮማ ስመ ጥር ሆኑ። እነዚህ ሠሪዎች ስማቸውንና ከተማቸውን የያዘ ወረቀት በድምፅ ሳጥኑ ውስጥ ይለጥፉ ነበር። ወረቀቱ ለገዢው ዋስትና፣ ለሠሪው ክብርም ዋጋም ሆነ።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1878 የስፓኝ ተማሪዎች የሙዚቃ ጓድ ፓሪስ ላይ ታይቶ ሕዝቡን ካስደመመ በኋላ፣ ክር መሣሪያን የመማር ፍላጎት በአውሮፓና በአሜሪካ ተዛመተ፤ የማንዶሊን ክበባትም በየከተማው ተቋቋሙ። ገበያው ከትንንሾቹ የኔፕልስ መሥሪያ ቤቶች አቅም በላይ ሆነ። በዚህ ጊዜ በጀርመን አገር፣ በሳክሶኒ፣ ማርክኖይኪርሸን የምትባለው ትንሽ ከተማ ገነነች። በ1677 ዐሥራ ሁለት የቫዮሊን ሠሪዎች ማኅበር ባቋቋሙባት በዚህች ከተማ፣ አንዱ አንገቱን፣ ሌላው አካሉን፣ ሌላው መቃኛውን በየቤቱ እየሠራ ለነጋዴ ያስረክብ ነበር። ንግዱ ከመስፋፋቱ የተነሣ አሜሪካ በ1893 የቆንስላ ወኪል እስከ መሾም ደረሰች። ነገር ግን ከዚያ የወጣው መሣሪያ አብዛኛው የተሸጠ በነጋዴው ስም ወይም ያለ አንዳች ስም ነበር። በኔፕልስ ለሠሪው ስም የሰጠው ገበያ፣ በማርክኖይኪርሸን ስሙን ነጠቀው።

የእኛን ሠሪ ስም ያጠፋው ግን ገበያ አይደለም፤ ንቀት ነው። ብረት ቀጥቃጩን ጠይብና ቡዳ፣ ቆዳ አልፊውን ፋቂ እያለ የሚያዋርድ ማኅበረ ሰብ፣ የእጅ ሥራውን ወድዶ ሠሪውን ጠላ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ ሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ቢያስነግሩም፣ ስድቡ ከአንደበት ቶሎ አልጠፋም። በዚህ አየር ውስጥ በእጁ ሥራ ላይ ስሙን የሚጽፍ ከየት ይመጣል?

የማንዶሊኑ ገበያ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ጃዝ ሲስፋፋ፣ ቀዘቀዘ። ገበያው አለፈ፤ በድምፅ ሳጥኑ ውስጥ የተለጠፈችው ወረቀት ግን ዛሬም ትናገራለች። በቤተ መዘክር የተቀመጠ ማንዶሊን የቪናቻ ወይም የኤምበርገር እጅ ሥራ መሆኑ የሚታወቀው በእርሷ ነው። የእኛ ክራርና መሰንቆ ሲያረጅ ግን ሠሪው አብሮ ይረሳል።

ስለዚህ በየወረዳው ያሉ መምህራን፣ የባህል ሠራተኞችና የኪነ ጥበብ ሰዎች ሊጀምሩት የሚገባ ሥራ አለ። ክራር ለትምህርት ቤት ሲገዛ፣ መሰንቆ ለኪነት ቡድን ሲታዘዝ፣ የሠሪው ስም፣ ቀዬውና ዓመቱ በገበቴው ውስጥ ይጻፍ፤ ዋጋውም ለድካሙ ተመጣጣኝ ይሁን። አንዲት ቁራጭ ወረቀት ብዙ ወጪ አትጠይቅም። «አዝማሪው ማን ነው?» የሚለው ሕዝብ፣ «ሠሪውስ?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ የሚያገኘው ግን በእርሷ ነው።