ከጠፍር እስከ ቆልማማ መሮ፦ በቶርኖ የሚወጣው የእንጨት አበባ ማስቀመጫ

በአማርኛ ቶርኖ የሚባለው መሣሪያ ስሙን ያገኘው ከጣሊያንኛ ሲሆን፣ የጣሊያንኛውም ቃል በላቲን በኩል ከግሪክኛው «ቶርኖስ» የተወረሰ ነው። በዚህ መሣሪያ ላይ እንጨቱ እንደ እንዝርት ሲሽከረከር ባለሙያው መሮውን በመደገፊያ ላይ አሳርፎ ስለሚፍቀው፣ ከመጥረቢያ ሥራ በተቃራኒ የሚንቀሳቀሰው ስለቱ ሳይሆን እንጨቱ ራሱ ነው።

በግብፅ ቱና ኤል ገበል፣ በካህኑ ፔቶሲሪስ መቃብር ውስጥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ የተቀረጸ ምስል አንዱ ሰው ጠፍር ሲስብ ሌላው ስለት ይዞ ሲሠራ ያሳያል። ጠፍሩ እንጨቱን ወዲያና ወዲህ ስለሚያዞረው መሮው የሚቆርጠው በአንደኛው አቅጣጫ ብቻ ነበር፤ በመካከለኛው ዘመን የነበሩ አውሮፓውያን ረዳቱን በእግር መርገጫና ከራስጌ በተዘረጋ ተለማጭ ዘንግ ቢተኩትም፣ ግማሹ ዙር በከንቱ ማለፉ አልቀረም። መፍትሔው ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ15ኛው መቶ ዘመን በንድፍ ያሰፈረው ዓይነት ከባድ መንኮራኩር ሲሆን፣ ይህም የእግርን ግፊት አጠራቅሞ እንጨቱን ሳያቋርጥ በአንድ አቅጣጫ ያዞራል።

ሙያው ከዚያ በኋላ የመኳንንት መዝናኛም ሆነ። ፈረንሳዊው መነኩሴ ሻርል ፕሉምዬ በ1701 እ.ኤ.አ. ስለ ቶርኖ ጥበብ ሰፊ መጽሐፍ በሊዮን አሳተመ፤ የሩሲያው ታላቁ ጴጥሮስ ራሱ ቶርኖ ላይ ይሠራ ስለነበር፣ መካኒኩ አንድሬይ ናርቶቭ ቅርጽን ከናሙና የሚገለብጡ መሣሪያዎች ሠራለት። ይህ ሁሉ ብልሃት ግን በአመዛኙ የዋለው ለውጫዊው ገጽ ጌጥ ነው፤ የአበባ ማስቀመጫ ጭንቁ ደግሞ ያለው ከውስጥ ነው።

ሸክላ ሠሪ አንገቱን የምታጠበው ሆዱን ካወጣች በኋላ ነው፤ እንጨት ግን መቀነስ እንጂ መጨመር ስለማያውቅ፣ ሆዱ የሚፈለፈለው በጠባቡ አፍ በኩል ነው። መሮው ከመደገፊያው ርቆ በገባ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፣ ፍቅፋቂውም ውስጡ ይታጨቃል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ዴቪድ ኤልስወርዝ ጫፋቸው የቆለመመ መሣሪያዎችን በትንሽ ቀዳዳ አስገብቶ ስስ ግድግዳ ያላቸው ዕቃዎች መሥራቱ የታወቀውም በዚህ የተነሳ ነው። ስስነቱ ለውበት ብቻ አይደለም፤ እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ስለሚኮማተር፣ ወፍራሙ ሲሰነጠቅ ስሱና ወጥ ውፍረት ያለው ግን ጠመም ብሎ ሊተርፍ ይችላል። ዓይን ወደ ውስጥ ስለማያይም ባለሙያው የግድግዳውን መሳሳት የሚለየው በመለኪያ ብቻ ሳይሆን መሮው በሚያወጣው ድምፅ ጭምር ነው።