የሕንድ ታይገሮች አቈጣጠር ታሪክ

በአገራችን ነብር የምንለው አውሬ ጠቃጠቆ ያለበት ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ግን በእስያ ዱር የሚኖረውን ባለመስመሩን ታይገር ነው። ጥያቄአችንም፥ በሌሊት የሚዘዋወርና ከሰው የሚሸሸግ አውሬ በምን ዘዴ ይቈጠራል? የሚል ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

የሕንድ መንግሥት በ1972 በመላ አገሪቱ ባስደረገው የመጀመሪያ ቈጠራ 1,827 ታይገሮች መኖራቸው ተነገረ። በሚከተለውም ዓመት «የታይገር ፕሮጀክት» የተባለው የጥበቃ ሥራ በ9 ጥብቅ ደኖች ተጀመረ። የዚያን ጊዜው ዘዴ የዱካ ቈጠራ ነበር። የደን ዘበኞች ዱካውን በመስታወት ላይ ይነድፉ ወይም በጄሶ ይቀርጹ ነበር፤ እንደ ሰው የጣት አሻራ እያንዳንዱ አውሬ በዱካው ይለያል ተብሎ ይታመን ነበርና። ነገር ግን የአንዱ እንስሳ ዱካ በጭቃና በአሸዋ ላይ አንድ ዓይነት መልክ የለውም። ደግሞም ቈጣሪው ራሱ ጠባቂው ስለ ነበረ፥ ቊጥሩ ቢያንስ ተወቃሹ እርሱው ነበር።

የዚህ ጉዳት በ2005 በራጃስታን ግዛት በሳሪስካ ተገለጠ። ታይገሮች አሉበት ተብሎ በመዝገብ ሲጻፍ የኖረው ደን ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ ሕገ ወጥ አዳኞች ጨርሰዋቸው ነበር። የመዝገቡ ቊጥር ጥፋቱን ሸፍኖ ስላቈየው ለመከላከል ጊዜው አለፈ።

ሌላው ዘዴ ግን አስቀድሞ ተፈትኖ ነበር። ኡላስ ካራንት የተባሉት የሕንድ ሊቅ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በናጋራሆሌ ደን በአውሬው መተላለፊያ ላይ ፎቶግራፍ ማንሻ አጠመዱ። የሁለት ታይገሮች መስመር ከቶ አይመሳሰልምና በሥዕሉ ይለያሉ። ስሌቱን በምሳሌ እናስረዳ። በመጀመሪያው ጊዜ 10 ታይገሮች ፎቶግራፍ ተነሡ እንበል፤ በሁለተኛው ጊዜ ከተነሡት 12 ውስጥ 6ቱ ቀድሞ የታወቁ ቢሆኑ፥ የታወቁት የጠቅላላው እኩሌታ ናቸው ማለት ነው። ስለዚህ በደኑ ውስጥ 20 ያህል ይኖራሉ ብለን እንገምታለን።

ይህ ዘዴ በ2006ቱ አገር አቀፍ ግምት በሥራ ላይ ሲውል 1,411 ተገኘ፤ ከዚያ በፊት በ2002 በዱካ የተቈጠረው 3,642 ነበር። ሆኖም ሁለቱን ቀናንሶ «ይህን ያህል ሞተ» ማለት አይቻልም፤ መለኪያው ተለውጧልና። የ2022ቱ ግምት 3,682 ሲሆን፥ ከ3,167 እስከ 3,925 ሊሆን እንደሚችል አብሮ ተገልጧል።

እኛም እንዲህ ወሰኑን የሚገልጽ ግምት፥ ጥርጥር የሌለበት መስሎ ከሚቀርብ ቊጥር ይልቅ ለአራዊቱ ጥበቃ ይበጃል እንላለን። የታሪክ ተማሪም ቊጥር ሲያነብ ስንት እንደ ሆነ ብቻ ሳይሆን፥ ማን እንደ ቈጠረና በምን እንደ ቈጠረ ሊጠይቅ ይገባዋል።