የሊቲየም ማደሪያ

ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 (የዚህ ጽሑፍ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተነገሩ ናቸው) ሁለት የእርሳስ ዝርግ በሰልፈሪክ አሲድ ነክሮ፣ ኃይሉ ካለቀ በኋላ እንደገና የሚሞላውን ባትሪ ለዓለም ካበረከተ ወዲህ፣ የእርሳሱ ክብደት ለሊቃውንት የማይለቅ ሸክም ሆኖ ኖረ። ከብረታ ብረት ሁሉ ቀላሉ ሊቲየም መሆኑ የታወቀ ቢሆንም፣ ውሃ ሲነካው የሚቆጣ ብረት ነውና በባትሪ ውስጥ የሚያሳድረው አልተገኘም ነበር።

እንግሊዛዊው ስታንሊ ዊቲንግሃም በ1970ዎቹ በአሜሪካ በኤክሶን ኩባንያ ሲሠራ ማደሪያውን አገኘለት፤ ታይታኒየም ዳይሰልፋይድ የተባለው ውሑድ እንደ መጽሐፍ ቅጠል በተደራረቡት ንጣፎቹ መካከል ሊቲየምን ተቀብሎ ያሳድራል፣ ሳይፈርስም መልሶ ያሰናብታል። ነገር ግን በማዶው ወገን ያለው ንጹሕ ሊቲየም ባትሪው በተሞላ ቁጥር እንደ እሾህ እየሾለ ያድግና፣ ሁለቱን ወገኖች የሚለየውን መጋረጃ በስቶ ሲሻገር እሳት ያስነሣ ነበር።

በኦክስፎርድ ያስተምር የነበረው ጆን ጉድኢናፍ በዊቲንግሃም ውሑድ ውስጥ ያለው ሰልፈር በኦክስጅን ቢተካ ኃይሉ እንደሚበረታ አመዛዝኖ፣ በ1980 ከባልንጀሮቹ ጋር ሊቲየም ኮባልት ኦክሳይድን አቀረበ፤ ከሁለት ቮልት ጥቂት በሚበልጠው በቀድሞው ባትሪ ኃይል ፈንታም አራት ቮልት ተገኘ። ከዚህ ታሪክ ሁሉ እኔ አብልጬ የማደንቀው ይህንን ነው፤ ሰውየው የኦክሳይዶችን ጠባይ ለብዙ ዓመታት ሲመረምር የኖረ ሊቅ በመሆኑ፣ መልሱን ከሙከራው አስቀድሞ በኅሊናው አይቶት ነበርና።

የእሾሁ ነገር ግን ገና አልተፈታም ነበር። የሞሮኮ ተወላጅ የሆነው ራሺድ ያዛሚ በፈረንሳይ በግሬኖብል ሲመራመር፣ ሊቲየም ግራፋይት በተባለው ካርቦን ንጣፎች መካከል ገብቶ መውጣት እንደሚችል በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሳየ። ጃፓናዊው አኪራ ዮሺኖም በ1985 በንጹሑ ሊቲየም ፈንታ ከነዳጅ ዘይት የሚገኘውን ኮክ የተባለ ካርቦን ከጉድኢናፍ ኦክሳይድ ጋር አጣመረ፤ ከባድ ብረት ጥሎበት ሲፈትነውም ባትሪው ተጨፈለቀ እንጂ አልነደደም። ሶኒ ኩባንያ በ1991 ለገበያ አወጣው፤ ኋላም ኮኩ ቦታውን ለግራፋይት ለቀቀ።

ከሦስት ሰው በላይ የማይቀበለው የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት በ2019 ለዊቲንግሃም፣ ለ97 ዓመቱ አረጋዊ ለጉድኢናፍና ለዮሺኖ ሲሰጥ፣ የያዛሚ ስም አልተጠራም። አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ ማታ ስልክህን ስትሞላ፣ ሊቲየሙ ከጉድኢናፍ ኦክሳይድ ተነሥቶ የሚያድረው ይህ አፍሪቃዊ ሊቅ ባሳየው ግራፋይት ውስጥ ነውና፣ ስሙን ከሦስቱ ጋር አብረህ አስብለት።