እህል ነበር፤ መግዣ ግን?

ወሎ በ1965 ዓ.ም. ለምን ተራበ? «ዝናብ ጠፍቶ» ማለት ግማሽ መልስ ነው። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይጫን ነበር። ታዲያ ምን ሆነ? አዝመራው የከሸፈበት ገበሬ የሚበላውንም የሚሸጠውንም ባንዴ አጣ፤ የከብቱም ዋጋ ወደቀ። ባዶ ኪስን ደግሞ ነጋዴ ዞር ብሎም አያየው! የንጉሡ መንግሥት ረሃቡን ሸፋፈነ እንጂ በጊዜው አልደረሰም።

ደርግ በበኩሉ ገበያውን ጨበጠ፤ በእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በኩል ኮታ ጣለ፣ ዋጋ ቆረጠ። ኮታው ያልሞላለት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለድርጅቱ በርካሽ እስከማስረከብ ደረሰ። በ1977 ወሎ ዳግመኛ ተራበ። ኮታው የተነሳው በ1982 ነው።

በሁለቱም ዘመን ማን ጠየቀ፣ ገበሬው በምን ይግዛ ብሎ?